በአረቄ የነከርናቸው ሲካዳዎች

በዚያ ሰሞን ያለ ምክንያት እስቅ ነበር። ዕቃ ሳጥብ እስቃለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እስቃለሁ፤ እናቴ «ይቺን ልጅ ምን ነካት?» ማለት ጀምራ ነበር። የነካኝ የባዮሎጂ ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ሥራ ከእኔ ጋር ያጣመሩት የገላን ሰፈር ልጅ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር ካሉት ግራሮች ላይ ሲካዳ አብሮኝ ይለቅም ነበር። ሲካዳ የሚለውን ስም የሰማሁት ከመምህራችን ነው፤ እኛ ሰፈር ግን በበጋ ዛፍ ላይ ተደብቃ ሲርርር የምትለዋን ነፍሳት በስም የጠራት አልነበረም።

ሥራችን ሁለት የሚመሳሰሉ ዝርያዎችን መለየት ነበር። ልጁ ብልሃቱን አሳየኝ፦ ጀርባዋ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ከታች ከተገናኙ አንደኛዋ ናት፣ ካልተገናኙ ሌላኛዋ። ወዲያው ገብቶኝ ነበር፤ እንዲያብራራልኝ ግን ደጋግሜ ጠየቅኩት።

የለቀምናቸው እንዳይበሰብሱ ማቆያ አልኮል ስናጣ የአባቴን አረቄ ወሰድኩ። አባቴ «እኔ ለፋሲካ ብዬ ያልቀመስኩትን ለነፍሳት አጠጣሽው!» ብሎ አኮረፈኝ። ማታ ላይ ግን «ለመሆኑ ሰከሩ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንደኛዋ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላኛዋ ወደ ቡናማ ስለምታደላ በቀለም እንለያቸዋለን ብለን አንድ ብልቃጥ ውስጥ አጉረናቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን ሳሪስ አቦ ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ብንከፍተው አረቄው ቀለማቸውን አጥቦ ሁሉንም ቢጫ አድርጓቸዋል። አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር ማየት ግድ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ምክንያቱም ሥራው ካለቀ የምንገናኝበት ሰበብ የለንም፤ እኔ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ቀድሜ አልናገርም።

ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን ስንለይ ዋልን። ብናጓትተውም አለቀ፤ አንዲት ብቻ ቀረች። መስመሮቿ ያለ መነጽር እንኳ ተገናኝተው ይታያሉ። እሱ ግን አገላብጦ፣ አገላብጦ አያት።

«አልተገናኙም መሰለኝ» አለ፣ ጆሮውን እያከከ።

ቀና ብዬ አየሁት። ምልክቱን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ከንፈሬን ነከስኩ።

«እኔም ተጠራጠርኩ» አልኩት። «ቅዳሜ በደንብ ብናያት ይሻላል።»

«ቅዳሜ ጥሩ ነው» አለና አረቄ የምታንጠባጥበውን ሲካዳ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት።