ያልተቀየረው የፍሬን ቱቦ

ዝናሽ ከኩዌት የተመለሰች ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ ከኔ ግቢ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራየች። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ስለዚህ አንዲት ሴት አሮጌ ፒክአፕ በክሪክ አንሥታ ከሥሩ ስትገባ ሳይ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው ያን ሳቅ ባልስቅ ይሻለኝ ነበር።

ፒክአፑ የራሷ ነው። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ በእጇ የቀረው ንብረት እሱ ብቻ ነው። ያስገዛችው ግን ለራሷ ብላ ሳይሆን ለእናቷ ብላ ነበር። እናቷ እትዬ ፈንታነሽ ልባቸው ደካማ ነው፤ መንደራቸው ደግሞ ከገሳይ አስፋልት ተገንጥሎ፣ ቁልቁለት ተወርዶና ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚገኘው። መኪናውን የተረከበው እዚያው መንደር የሚኖረው የአጎቷ ልጅ ምናለ ነው። ሠርቶ ይብላበት፣ እናቷን ያመማቸው ቀን ግን ሐኪም ቤት ያድርስ፤ ስምምነቱ ይኸው ነበር።

ያ ቀን የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር መጣ። ጎረቤቶች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ምናለ ሮጡ። እሱም የፍሬኑ ቱቦ ተበልቷል፣ ሴትዮዋን ይዤ ገደል ልግባ ወይ ብሎ መለሳቸው። ጎልማሳው ሁሉ አውድማ ላይ ስለነበር ተሸካሚ እስኪሰበሰብ፣ ቃሬዛ እስኪበጅ ቀኑ ተጋመሰ። እትዬ ፈንታነሽ ስምንት ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር፣ ቃሬዛው ላይ እንዳሉ ሞቱ። በመኪና ቢሆን ያን ጊዜ ሐኪም ፊት ነበሩ።

ምናለ በዚያ ጊዜ መንደሩ ውስጥ አልነበረም፤ መኪናውም አልነበረም። ማታ ሲመለስ ለቅሶ ቤት ገብቶ ደረቱን እየደቃ የተናገረውን ሁሉም ሰምቷል። በማርሽ ቀስ እያልሁ ደብረ ታቦር ወጥቼ ቱቦውን አስቀይሬ፣ እሳቸውን ልወስድ ስበር ነው የመጣሁት አለ። ሰው አመነው። ዝናሽም አገሯ ገብታ እግሯ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ አመነችው፤ እንዲያውም አይዞህ ብላ እንባውን በነጠላዋ ጠረገችለት። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ይኸ ነው።

መኪናዋን ተቀብላ ደብረ ታቦር ካመጣችው በኋላ በግንቦት ፔዳሉ እየሰመጠ አስቸገራት። ጋራዥ አልወሰደችውም። ኩዌት የአሠሪዎቿ ሹፌር መኪና ሲሠራ ቁልፍ እያቀበለች አይታ ስለነበር ራሴ እሠራዋለሁ አለች። እኔም ቁልፎቼን አበደርኋትና ለመሳቅ እንዲመቸኝ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥሁ።

ከመኪናው ሥር ገብታ ብዙ ቆየች። ከዚያ በቀስታ፣ «ጋሼ ጥላዬ፣ እስቲ ይምጡ» አለችኝ።

ካርቶኑ ላይ ተንጋለልሁ። የፍሬን ዘይት ከፊት ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ዳር እስከ ዳር ዝጎ እንደ ዛፍ ቅርፊት ይላጣል። ይህ ቱቦ ተቀይሮ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቱቦውን ጫፍና ጫፉ ላይ የሚያስሩትን ዳዶዎች አየኋቸው፤ ቁልፍ የነካቸው ምልክት የለም፣ የፋብሪካው ቀለም እንኳ ከጫፋቸው አልለቀቀም። ይኸ ከተሠራ ጀምሮ የሰው እጅ አላረፈበትም አልኋት። ከጭነቱ ወለል በታች ደግሞ ነጭ ነገር ተጋግሯል። በጣቴ ፍቄ በምላሴ ነካሁት፤ ጨው ነው። የከብት ጨው በዝናብ እየራሰ ሲንጠባጠብ ብረት እንዴት እንደሚበላ እኔ በሥራዬ አውቀዋለሁ።

አላለቀሰችም። ቱቦውን ቆርጣ ክንድ የምታህለውን በጋዜጣ ጠቀለለችና ለመንደሩ ካህን ለቄስ መልካሙ ላከችላቸው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ እናቴ የሞተች ቀን ምናለ ያስቀየረው ቱቦ ይኸውልዎ።

ቄስ መልካሙ የምናለ የንስሐ አባት ናቸው። በሳምንቱ ማኅበርተኞቹ ከሱ ጋር ጽዋ አንቀምስም አሉ፤ ካህኑም ዝናሽ ይቅር ሳትልህ ከኔ ዘንድ ፍታት የለህም አሉት። በኛ አገር እንዲህ ያለ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይመጣል። ተበዳይ ድንጋዩን አውርዶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ሰው በልቶ ጠጥቶ ይለያያል። ዝናሽ ይህን አሳምራ ታውቃለች። መምጣቱ አይቀርም፣ እኔም በዚያ ዋጋ አልለቀውም አለችኝ። እኔ ልጅቱን ልመክራት ይገባኝ ነበር። አልመከርኋትም፤ እኔም አንጀቴ አሮ ነበር።

አዲሱን ቱቦ ከባሕር ዳር አስመጣች። አሮጌውን መሬት ላይ ዘርግታ በሱ ልክ ጠርሙስ ላይ እየጠመዘዘች አጎበጠችው። መጀመሪያ ዳዶውን ሳታስገባ የቱቦውን አፍ አሰፋችው፤ ከዚያ ወዲያ ዳዶው ስለማይገባ ያን ሁሉ ልፋት ቆርጣ ጣለች። ያን ጊዜም ሳቅሁ። ይሳቁ ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ቁልቁለት ላይ በሰው እርምጃ ልክ የሚሄድ ፍሬን ነው አለችኝ። ነገሩ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ቱቦው ታስሮ አልቆ ከዘይቱ ጋር የገባውን አየር ማስወጣት ብቻ ሲቀር፣ ቄስ መልካሙ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩን ገፍተው ገቡ። ምናለ ከኋላቸው ድንጋይ ተሸክሟል። ድንጋዩ ለንስሐ ሳይሆን ለታይታ የተመረጠ ነው፤ የዶሮ ጎጆ መዝጊያ ያህላል። ተንበርክኮ ፍሬኑን በጊዜ ባለማሠራቴ በድዬሻለሁ አለ። ከነድንጋዩ ዋሸ።

ዝናሽ ከመኪናው ሥር አልወጣችም። ድንጋዩን አስቀምጥና ግባ፣ ፔዳል የሚረግጥልኝ ሰው አጥቻለሁ አለችው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ምናለ የቀለለለት መስሎት ዘሎ መሪው ጋ ተቀመጠ።

ርገጥ ስትለው ይረግጣል። ያዝ ስትለው ይይዛል፤ እሷ ከጎማው ጀርባ ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጋ አየሩን ታስወጣና መልሳ ታጠብቃለች። ልቀቅ ስትለው ይለቃል። ሁለቱ አይተያዩም። ሦስተኛው ጎማ ላይ «ያዝ» አለችውና ብሎኑን ሳትነካ ጠየቀችው።

«ያን ቀን ምን ጭነህ ነበር?»

እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። «ቱቦውን...»

«ቱቦውን ፈትቼዋለሁ። ምን ጭነህ ነበር?»

ቄስ መልካሙ መስቀላቸውን ከካባቸው አውጥተው በመስኮቱ በኩል ፊቱ ላይ ያዙለት። ያን ጊዜ ተናገረ። ለንፋስ መውጫ ገበያ ጨው ጭኖ ነበር። ሰዎቹ ሲመጡ ይህን ሁሉ ጨው መቼ አራግፌ መቼ መልሼ ልጭነው ብሎ ነው በፍሬኑ ያሳበበው። ሸጦ ሲመለስ ወንዙን የተሻገረው አሥራ አንድ ሰዓት ነበር።

«ልቀቅ» አለችው።

አራተኛውን ጎማ ጨርሳ እጇን በሳሙና ታጠበችና ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየነዳች ፍሬኑን ሞከረችው፤ ቀጥ ያደርጋል። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ላድርሳችሁ አለች። ቄሱን ከፊት፣ እኔንና ሽማግሌዎቹን ከኋላ ጫነች። ምናለም ድንጋዩን ታቅፎ ከኛ ጋር ወጣ። ገሳይ ደርሰን ከአስፋልቱ ተገንጥለን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ አቆመችና ውረድ፣ ድንጋይህን ተሸከም አለችው።

ቄስ መልካሙ ድንጋይ የሚወርደው በመጣበት ደጅ ነው፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም አሏት። «እናቴ በመኪና የምትሄድበትን መንገድ በሰው ትከሻ ሄደች አባ። ይኸስ ሥርዓት ነበር?» አለቻቸው።

ምናለ ከፊት በእግሩ፣ እኛ ከኋላ በመኪና ወረድን። ዝናሽ አንድ ጊዜ እንኳ ጡሩንባ አልነፋችም። እሱ ሲፈጥን ትፈጥናለች፤ ሲደክመው ፍሬን ይዛ ከተረከዙ አንድ ክንድ ላይ ትቆማለች። ከኋላ ጭነቱ ወለል ላይ ቆሜ ትከሻው እየጎበጠ ሲሄድ አየሁት፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ምናለ እናቷ የሞቱበት ቦታ ላይ ተንበረከከና ይቅርታዋን ጠበቀ። ዝናሽ ሞተሩን አጠፋች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ከመኪናው ግን አልወረደችም።

«ልጄ፣ በይ እንግዲህ» አሏት ቄስ መልካሙ።

«እሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የደረሰው» አለች።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ከገበያ የሚመለስ ሰው እያየ አለፈ፤ የሚያውቁትም ቆመው ምን አድርጎ ነው ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌዎቹ መዋሸት ስላልሆነላቸው እንዳለ ነገሯቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምናለ ድንጋዩን በሁለት እጁ ደገፈው፤ አሥር ሰዓት ላይ ያለቅስ ጀመር። ያቺ ለታይታ የመረጣት ድንጋይ ያን ጊዜ ሚዛኗ ምን ያህል እንደነበር እሱ ያውቃል።

አሥራ አንድ ሲሆን ዝናሽ ወረደች። ድንጋዩን ከማጅራቱ አንሥታ መሬት ላይ አኖረችና ካህኑ እንዲሰሙ አድርጋ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ቄስ መልካሙም አሜን አሉ። ምናለ አንገቱን ማቅናት አቅቶት እየተንገዳገደ መጥቶ፣ ወደ መንደሩ የሚወስደውን ዳገት በመኪና ለመውጣት የፒክአፑን ጠርዝ ያዘ። ዝናሽ መሪው ጋ ተመልሳ ሞተሩን አስነሣችና ትታው ሄደች፤ እጁ ባዶ ቀረ።

ካህኑ ደነገጡ። ይቅር አላልሽውም ወይ ብለው ጠየቋት።

«ይቅር ያልሁት ለእግዚአብሔር ብዬ ነው አባ» አለች ማርሽ እየቀየረች። «መኪናው የኔ ነው።»