በጠፍር የታሰረው ታንክ

ባለፈው ጥር ልጄ ሕይወት ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ከልብሶቿ መሐል አንድ ካርቶን አወጣችና የምግብ ጠረጴዛዬን ወረሰችው። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ተቆራርጦ የታሸገ የፕላስቲክ ታንክ ነው። በሁለት ቀን ገጣጥማ አረንጓዴ ቀባችው። አማረ ብዬ ሳደንቅላት ግን "ቆይ እማዬ፣ እንዲህ አዲስ ሆኖ ከታየ ውሸት ይመስላል፤ አሁን ማስረጀት አለብኝ" አለችኝና ስልኳን ከፊቷ አቁማ፣ እዚያ የምታየውን እየተከተለች ጥላሸት የመሰለ ዱቄት በቀለም ማቅጠኛ መበጥበጥ ጀመረች። ሽታው ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ተነስቼ መስኮት ስከፍት የጠላሁት መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ። አልጠላሁትም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ያወቅሁት ሽታ ነበር።

ያደግሁት ነፋስ መውጫ ነው። ስሟን የምታስከብር ከተማ ናት፤ በእኛ ሰፈር ቆርቆሮ ያለበሰ ሁሉ ጣሪያው ላይ ድንጋይ ይጭናል፣ ድንጋይ ያሳነሰ ሰው ቆርቆሮውን ከጎረቤት ማሳ ይለቅማል። ከገበያው በታች ባለችው ጠባብ ቤታችን የምንኖረው እኔና እናቴ ጥሩነሽ ብቻ ነበርን። አባቴ አስረስ የስማዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ እኔ ገና ዳዴ ስል ለውትድርና ሄዶ ታንከኛ ሆነና ወደ ሰሜን ተላከ። ጦርነቱ አብቅቶ የተረፈው ሁሉ በእግሩም በመኪናም ሲመለስ እሱ አልመጣም። ሞተ ያለን ሰው የለም፤ አለ ያለንም የለም። የስማዳ ዘመዶቹ በመጡ ቁጥር "እርምሽን አውጪ" እያሉ እናቴን ይወተውቷታል፤ የነፍስ አባታችን ደግሞ "አየሁ የሚል ምስክር ሳይኖር እንዴት ፍትሐት እናደርጋለን፣ በሕይወት ቢኖርስ?" ይላሉ። እሷ በሁለቱ መሐል ጥቁርም ሳትለብስ፣ ነጩም ሳያምርባት፣ የአባቴን ጋቢ በየበጋው ፀሐይ ላይ እያሰጣች መልሳ ታጥፍ ነበር። ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው በከተማው ታየ ከተባለ የጌሾ መደቧን ለጎረቤት አደራ ብላ ትሮጣለች። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አስረስ ይመር የሚባል ታንከኛ ያውቁ ይሆን?"

ከአባቴ የቀሩን አራት ደብዳቤዎችና አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነበሩ። ማንበብ ከቻልሁ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብዳቤዎቹን የማነብላት እኔ ስለሆንሁ እንደ ዳዊት በቃሌ ይዣቸዋለሁ። በፎቶው ላይ አባቴ ከአንድ ታንክ በስተቀኝ ቆሞ፣ ጥሩ በሬ ለገበያ እንዳቀረበ ገበሬ እጁን ታንኩ ላይ አሳርፎ ይስቃል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን እያንዳንዳችን የእጅ ሥራ እንድናቀርብ ታዘዝን። ሴቶቹ ስፌት ያዙ፤ የኔ ስፌት ግን መሶቡ ይቅርና ሰፌዱ እንኳ እንደ ተቆጣ ሰው ፊት ይጨማደዳል። ስለዚህ የአባቴን ታንክ ልሠራ ቆረጥሁ። አካሉን ከዋንዛ ጠረብሁት፤ መንኮራኩሮቹን ከመጠጥ ቤቱ ጓሮ በለቀምሁት ቆርኪ፣ ሰንሰለቱን ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ መድፉን ከሸምበቆ አበጀሁ። የትምህርት ቤቱ በር ሲቀባ ከተረፈው አረንጓዴ ቀለም ለምኜ ቀባሁትና ፀሐይ ላይ ሳቆመው አብረቀረቀ። ልጆቹ ወዲያው በእኔ ስም "የብርቄ ፌንጣ" ብለው ጠሩት። የሚያናድደው እውነታቸውን መሆኑ ነው። በፎቶው ላይ ያለው ታንክ መሬቱን ተጭኖ የተቀመጠ ሲሆን የኔው አሁን ዘልሎ የሚሄድ ይመስል ነበር።

በዚያ ጊዜ አጠገባችን ጋሽ ታረቀ የሚባሉ ፋኖስና ምድጃ ጠጋኝ ይኖሩ ነበር። የእስቴ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ነው ወደ ሰፈራችን የመጡት። አንገታቸው ላይ እሳት የላሰው ጠባሳ አለ፣ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፣ ብዙም አይናገሩም። ታንከኛ እንደነበሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እናቴም በመጡበት ቀን ያንኑ ጥያቄዋን ጠይቃቸው "አላውቀውም፤ ብዙ ነበርን" ብለዋታል። ታንኬን በነጠላ ጠቅልዬ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቃቸው ሄድሁ። ገልጬ ባስቀምጠው እጃቸውን ሳይዘረጉ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ምን አይተሽ ሠራሽው?"

ፎቶውን ሰጠኋቸው። ትኩስ ነገር እንዳስያዝኋቸው ሁሉ ቶሎ መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ውጭ እያዩ "ይሄ ያንቺ ታንክ አልኖረም" አሉ። "የኖረ ነገር ይለያል። አምጪው እስቲ።"

ያን ከሰዓት በኋላ እሳቸው እንደሆኑልኝ ያለ መምህር ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም። መጀመሪያ የለፋሁበትን ብልጭታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አጠፉት። ሰው እየረገጠ የሚወጣበትን ጠርዝ ቀለሙን አነሱና ብረት ብረት እንዲል በእርሳስ አሹት። ከአሮጌ ማረሻ ላይ ዝገት ፍቀው በላምባ በጠበጡና በስንጥር ጫፍ ከየብሎኑ ሥር ወደ ታች አወረዱት፤ ዝናብ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይወርድም አሉኝ። ከዚያ አቧራ እንድነሰንስ ሲያዙኝ ከደጃፋቸው ቀይ አፈር ዘግኜ መጣሁ። "ይሄ የዚህ የጋይንት ነው፤ የዚያ አገር አቧራ ነጭ ነው" ብለው አስደፉኝና አመድና ነጭ አፈር ራሳቸው ደባልቀው በወንፊት ነፉበት። እኔ ነገሩ ጣመኝና ጥላሸት በጣቴ ጠቅሼ የታንኩን ጭንቅላት ላለብሰው ስል እጄን ያዙኝ።

"ጥላሸት ከጭስ መውጫው ጋ ብቻ ነው። ሌላው የተቃጠለ ታንክ ላይ ነው የሚሆነው። ይሄ ገና አልተቃጠለም።"

"ገና" ብለው እጄን ለቀቁኝ።

ታንኩን አዞሩት። ፎቶው የሚያሳየው ቀኙን ብቻ ስለሆነ ግራውን እኔ እንዲሁ ልሙጥ አድርጌ ትቼው ነበር። እሳቸው ግን ማንንም ሳይጠይቁ፣ ምንም ሳያዩ፣ የራሱን ደጅ እንደሚያውቅ ሰው ሠሩት። እዚህ ጋ ጎድጎድ አደረጉ፣ እዚያ ጋ የተበየደ ጠባሳ አወጡ። ከዚያ የፊተኛውን ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ በጉጠት ገነጠሉት። ከመሣሪያ ሳጥናቸው የበሬ ቆዳ ቁራጭ አውጥተው እንደ ክር አቀጠኑና የተገነጠለውን መልሰው በጠፍር አሰሩት፤ ሞፈር እንደሚታሰር ዓይነት፣ ሁለቴ አዙረው በሥሩ አሹልከው።

የአባቴ ሦስተኛ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ "የግራው ፓራፋንጎ ተገንጥሎ ሽቦ ስላጣሁ በጠፍር አሰርሁት። ጓደኞቼ ታንኩን ሞፈር አደረግኸው እያሉ ይስቁብኛል።"

ፊቴን ምን እንዳስመሰልሁት አላውቅም። ጋሽ ታረቀ ቀና ብለው "ምን ሆንሽ?" አሉኝ፤ "ምንም" አልኋቸው። ደብዳቤ መኖሩን አያውቁም። እጃቸው የሚያውቀውን ነው የሠራው። መጠየቅ እችል ነበር፤ አባቴን ያውቁታል ወይ ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። ግን ከጠየቅሁ ይመልሱልኛል፤ መልሱንም "ገና" ሲሉ ሰምቼዋለሁ። ታንኩን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ታንኩን መደርደሪያው ላይ ግራ ጎኑን ወደ ግድግዳው አድርጌ አስቀመጥሁት። እናቴ መጥታ አየችውና የጌሾ ቅጠል የያዘውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ሳትነካው፣ "አባትሽን ነው የሚመስለው" አለች። ታንክ እንዴት አባቴን እንደሚመስል አልጠየቅኋትም። ሐሙስና ዓርብ፣ ታንኩ እዚያ እስካለ ድረስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከቤት መውጣት አቃተኝ። እሷ አቧራ ለመጥረግ በተጠጋች ቁጥር ቀድሜ እነሳለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፤ ልጅቱ ምን ጥሩ ሆነች እያለች ለጎረቤት ታወራልኝ ነበር። እኔ በነዚያ ቀናት አባቴን ብቻዬን ቀበርሁት። ራት ስንበላ ዓይኗን እያየሁ፣ የማውቀውን ስለማታውቅ እቀናባት ነበር።

ቅዳሜ ዝናብ ያዘለ ቀን ነበር። ክፍላችን በሰፌድና በአገልግል፣ ወንዶቹ በሠሩት ቀንበርና ሞፈር ተሞልቶ ወላጅ እየተገፋፋ ይገባል። ታንኬን እንደለመድሁት ግራውን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከፊቱ ቆምሁ። እናቴ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ፣ ነጩን ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ጋሽ ታረቀም ገላቸውን ታጥበው በር ላይ ቆመዋል። መምህራችን ግን የኮራብኝ ሰው ነበርና ታንኩን ከኋላዬ አንስቶ "ዝገቱን እዩልኝ፣ ይሄ የልጅ ሥራ ይመስላል?" እያለ ለወላጆች ማዞር ጀመረ። ይሰበራል መምህር ብዬ ክንዱን ያዝሁ። ሳቀና ለእናቴ አቀበላት።

እናቴ ቀኙን አየች። አገላበጠችው። ጣቷ ጠፍሩ ላይ ቆመ።

"ይሄን ማን አሰረው?"

"እኔ" አልሁ። በሕይወቴ ለእናቴ ከዋሸኋት ውሸት ሁሉ ያንን ያህል እንድታምነኝ የፈለግሁት የለም።

ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "አንቺ ሞፈር ማሰር አታውቂም" አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"እኔ ነኝ ያሰርሁት" አሉ ጋሽ ታረቀ ከበሩ።

እናቴ ዘወር አለች። "አስረስን አላውቀውም ብለውኝ ነበር።"

"ብዬዎታለሁ።"

"እንግዲያው ቤት እንሂድ" አለችና ታንኩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቀድማን ወጣች።

ቤት ገብተን ይቀመጡ ብትላቸው እምቢ አሉ፤ ቆመው ነገሯት። የታንኩ ነጂ እሳቸው ነበሩ፤ አባቴ ከላይ መድፉ ላይ ነበር። ሲመቱ እሳቸው በፊት በኩል ባለው ክዳን ወጡ፤ አባቴ እግሩ ተይዞ ነበር። እጁን ይዘው ጎተቱት፤ እሳቱ አንገታቸውን ሲይዘው እጃቸው ለቀቀ። "ስሜን ጠርቶኛል" አሉ። "ለእርስዎ ልነግርዎት ነው ከእስቴ የመጣሁት። ለአንድ ቀን ነበር። ገና ቤት ሳልገባ፣ ሳልናገር፣ ያውቁት ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ፊትዎን አየሁና አላውቀውም አልሁ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ አደርሁ። እንደዚያ እያልሁ ሁለት ዓመት አደርሁ።"

እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ተቀብሯል?"

"በዚህ እጄ። ድንጋይ ከምሬበታለሁ።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ወገቧ ላይ አጥብቃ ታጠቀችው። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር "ብርቄ፣ ጎረቤት ጥሪ" አለችኝ።

በሳምንቱ የስማዳ ዘመዶች በበቅሎም በእግርም መጡ፤ ጋሽ ታረቀ ለነፍስ አባታችን መስክረው ፍትሐቱ ተደረገ። አስከሬን የለም፤ የሚያሳዩት ጠመንጃም አልነበረም። እናቴ ጋቢውን፣ ፎቶውንና ታንኩን አወጣች። የአባቴ ታላቅ ወንድም "በልጅ መጫወቻ ሰው ይለቀሳል?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ታንኩን ተቀብሎ ያችን ቋጠሮ ሲያይ ግን አባቴን ሞፈር ማሰር ያስተማረው እሱ ኖሯልና እዚያው ተንበረከከ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዲይዘው አልፈቀደም፤ ራሱ ከፍ አድርጎ ይዞት በለቀስተኛው መሐል ዞረ። ዝናቡ ሲመጣ የጋሽ ታረቀ ዝገት በክንዱ ላይ ወረደ፣ አቧራው ታጠበ፣ ከሥሩም የትምህርት ቤቱ በር አረንጓዴ ብቅ አለ።

እናቴ ጋሽ ታረቀን እስከ ተዝካሩ ድረስ አላነጋገረቻቸውም። በተዝካሩ ዕለት ግን በራሷ እጅ ጠላ ቀድታ "ይጠጡ" አለቻቸው። ጠጡ። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ ሲያወሩ አልሰማሁም። ጥቂት ዓመት ፋኖስ ሲጠግኑ ኖረው ወደ እስቴ ተመለሱ፤ ማረፋቸውን ስንሰማ እኔና እናቴ ሄደን አለቀስን።

እናቴም አሁን የለችም። ከእሷ አስቀድሜ ማወቄን ሳልነግራት ቀረሁ። ብዙ ጊዜ ሰው እውነቱን ማወቁ ዕረፍት ነው ሲል እሰማለሁ፤ ለእሷም ዕረፍት ሆኗታል፤ ጥቁሩን ለበሰች፣ በዓመቱ አወለቀች፣ ገላዋ ተመለሰ፣ እንቅልፍ ተኛች። እኔ ግን የጎደለውን አየሁ። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ ደጃፍ ተቀምጠን ምስር እየለቀምን ሳለ ከወረታ የሚመጣው አውቶቡስ ዳገቱን ጨርሶ ጥሩንባውን ነፋ። ከዚያ በፊት ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እሷ የያዘችውን ትታ ትነሳ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ በግንባሯ ላይ እጇን ጋርዳ መንገዱን ታያለች። ያን ቀን እኔ ቀና አልሁ። እሷ አንዲት ጠጠር ከምስሩ ነቅሳ ጣለችና መልቀሟን ቀጠለች።