ከደንገሉ ወዲህ ቆሜ፦ የሩቅ ሌንስ ፍለጋ ከአዳማ እስከ ዝዋይ

አርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ አዳማ

ሰው ከአዳማ ወደ ዝዋይ የሚወርደው ዓሣ ሊበላ ወይም ሐይቅ ዳር አየር ሊቀበል ነው። እኔ የወረድኩት የእህቴን ፊት ፎቶ ላነሳ ነው። ለዚያም መጀመሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ ዱከም መድረስ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ያገለገለ የሩቅ ማንሻ ሌንስ እንደሚሸጥ ቴሌግራም ላይ አይቼ ቀጠሮ ይዤ ነበር። ሌንሱን ከገዛሁ በኋላ በዚያው ወደ ዝዋይ እቀጥላለሁ። እሑድ ጠዋት ታናሽ እህቴ ሲፈን በሐይቁ ውስጥ የውሃ ጥምቀት ትወስዳለች።

የሩቅ ሌንስ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። የሲፈን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በጥምቀት ቀን ማንኛውም ካሜራ ዳር ላይ ካለው ደንገል እንዳያልፍ ከልክለዋል። ክልከላው የወጣው አምና ነው። አምና ወንድማችን እዚያው ሲጠመቅ አንድ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ካሜራውን ይዞ እስከ ጉልበቱ ገባ። ወንድማችን ከውሃው ብቅ ሲል ሰውዬው ሳያነሳው አመለጠው። ከዚያ በሙሉ ድምፁ፣ «ፓስተር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልኝ!» ብሎ ጮኸ። ምእመናኑ ሳቁ፤ ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ካሜራዬ ለጀማሪ የሚሆን ነው። አብራው የመጣችው ትንሽ ሌንስ አሥራ ስምንት-ሃምሳ አምስት የሚል ተጽፎባታል፤ ለልደትና ለተማሪዎቼ የምረቃ ቀን አሳፍራኝ አታውቅም። ሠላሳ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ግን በእሷ ሲነሳ የፈሰሰ ሽምብራ ይመስላል።

ለእኔ ቢሆን ሽምብራውም ይበቃኝ ነበር። ችግሩ እናቴ ናት። ከሁለት ወር በፊት በረንዳ ላይ ተንሸራታ እግሯ ተሰብሮ ጀሶው ገና አልተፈታላትም፤ መንገድ አትችልም። የልጆቿ ጥምቀት ላይ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አርብ ጠዋት ስሰናበታት እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ።

«ናሆም፣ የሐይቅ ፎቶ እንዳታመጣልኝ፤ ሐይቁን አውቀዋለሁ። ከውሃ ስትወጣ ፊቷን ነው የምፈልገው። ጀርባዋንም አይደለም።»

«እሺ እማዬ።»

«እሺ አትበለኝ። አምጣልኝ።»

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ የካሜራዬ ባትሪ አልተሞላም ነበር። ደርሼ እሞላዋለሁ ብዬ ባዶውን ይዤ ወጣሁ።

አርብ፣ አራት ሰዓት፤ ዱከም

ከአዳማ መናኸሪያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፎ ዱከም ሲያወርደኝ የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ የፋብሪካ ሠራተኞች ወደየቤታቸው ይጎርፉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሌንሱን የሚሸጥልኝ ቶሎሳ ነው። በሥራ ቀን ፋብሪካ ይሠራል፣ በሰንበት ሠርግ ያነሳል። እንቅልፉን ትቶ የሚከራያት አንዲት ክፍል አስገባኝና አልጋው ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፎ ሁለት ሌንሶች አስቀመጠልኝ።

«ይሄኛው ሃምሳ አምስት-ሁለት መቶ ነው» አለ። «የእጅ መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ማረጋጊያ አለው፤ ፎከስ የሚያደርገው፣ ምስሉን የሚያጠራው ሞተርም ውስጡ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር። ያኛው ሰባ-ሦስት መቶ ነው፤ ሩቁን የበለጠ ያቀርባል፤ ግን አሮጌ ነው፣ ማረጋጊያም ሞተርም የለውም። የሚሠራው ካሜራው ራሱ ሞተር ካለው ነው። አሥራ አምስት ሺህ።»

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ። ሦስት መቶ ከሁለት መቶ እንደሚበልጥ፣ አሥራ አምስት ከአሥራ ዘጠኝ እንደሚያንስ አስተምራለሁ። ያለኝ ገንዘብም አሥራ ስድስት ሺህ ብር ነበር። ዓይኔ ከትልቁ ሌንስ ላይ አልነሳ አለ።

«ካሜራህ ሞተር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ ቶሎሳ።

እውነቱን ለመናገር ካሜራ ሞተር እንደሚኖረው ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ግን አላውቅም ማለት አፈርኩ። ደግሞም ሳነሳበት ዝዝ ሲል እሰማዋለሁ። «አለው እንጂ!» አልኩ፣ እንደተደፈረ ሰው።

«እስቲ አውጣው፣ እንሞክረው።»

«ባትሪው ባዶ ነው። መብራት ጠፍቶ አደረ።»

በራሱ ካሜራ ላይ ገጠመልኝ። ከመስኮቱ አሻግሬ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ላይ አነጣጠርኩ። ሌንሱ ቅርርር ብሎ ተስተካከለ፤ የልብስ መቆንጠጫዎቹ ቀለም ሳይቀር ታየኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በአሥራ አራት ሺህ ተስማማን፤ ቶሎሳ ፎጣውን ጭምር መረቀልኝ።

አርብ፣ ከሰዓት በኋላ፤ በሞጆ በኩል

ዱከም ላይ ወደ ሞጆ የሚመለስ ሚኒባስ፣ ሞጆ ላይ ደግሞ ወደ ዝዋይ የሚሄድ ያዝኩ። ሞጆ የኮንቴይነር መኪኖች አገር ናት፤ ከመካከላቸው እስክንወጣ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። ከዚያ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። ቆቃ ላይ ውሃው በግራ በኩል ብልጭ አለ፤ ዓለም ጤና ላይ ሐብሐብ የሚሸጡ ሴቶች መስኮታችንን ከበቡ፤ መቂ ስንደርስ የሽንኩርት ከረጢት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቆልሎ ጠበቀን።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት መቂ የቲማቲም ነጋዴ ናቸው። ጭኔ ላይ የታቀፍኩትን ፎጣ አይተው፣ «ልጅ ነው?» አሉኝ።

«የካሜራ ሌንስ ነው፣ እማማ።»

«ስንት ገዛኸው?»

ነገርኳቸው። ፎጣውን ገለጥ አድርገው አዩና፣ «እና የት አለ ካሜራው?» አሉ። ከሌንሱ ሌላ ለብቻው የሚገዛ ካሜራ እንዳለ እንዴት እንደማስረዳቸው ሳስብ መውረጃቸው ደረሰ።

ዝዋይ አሥር ሰዓት ላይ ገባሁ። ባቱም ይሏታል፤ የባጃጁ ሹፌር በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ስም ጠራልኝ። በስድስት መቶ ብር አልጋ ይዤ፣ ባትሪዬን ሞልቼ፣ ሌንሱን በራሴ ካሜራ ላይ ገጠምኩ። በመስኮት በኩል ወደ አንድ የግራር ዛፍ አነጣጥሬ ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዛፉ እንደ ጭጋግ ደብዝዞ ቀረ።

ትንሿን ሌንስ መልሼ ስገጥም ዝዝ አለች። ለካ ዝዝ የምትለው እሷ ናት፤ ካሜራዬ ሞተር ኖሮት አያውቅም። ቶሎሳ ጋ ደወልኩ።

«አለው እንጂ አላልከኝም?» አለና ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሳቁን አቆመ። «ችግር የለም ወንድሜ። ሰኞ ና፣ በሁለት መቶው እቀይርልሃለሁ፤ ልዩነቱን ቀስ ብለህ ትከፍላለህ።»

ጥምቀቱ እሑድ ነው። የእናቴ እጅ አሁንም እጄን የያዘኝ መሰለኝ፤ ያን ዕለት ራት አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ሐይቁ ዳር

ቶሎሳ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር፤ የሌንሱን ቀለበት በእጅ እያዞሩ ፎከስ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ በጠዋት የዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ወርጄ አባ ኮዳዎቹ ላይ መለማመድ ጀመርኩ። አባ ኮዳ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ትልቅ ወፍ ነው፤ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አይገኝም። እየበረረ ሲመጣ ግን ቀለበቱን ሳዞር ያልፈኛል፣ ስመልሰው ደግሞ አርፎ አገኘዋለሁ። ሃምሳ ፎቶ አንስቼ ሃምሳውም ደብዛዛ ሆነ። ሌንሱን ተሳደብኩ፤ በአማርኛ ስላልበቃኝ በኦሮምኛም ጨመርኩ።

«አካም ቡልቴ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው፤ በኋላ ጋሽ ቱፋ እንደሚባሉ ነገሩኝ።

«ነጋ፣ ደህና አደርኩ ጋሼ። ይቅርታ፣ እርስዎን አላየሁም።»

«ወፉን ለምን ታባርረዋለህ?»

«እያባረርኩት አይደለም፤ ፎቶ ላነሳው ነው።»

«እኮ፣ በዓይንህ እያባረርከው ነው» አሉ መርፌያቸውን መረቡ ውስጥ እያሾለኩ። «እኔ ዓሣውን ተከትዬ ብዋኝ ኖሮ ልጆቼ በረሃብ ባለቁ። መረቡን የሚያልፍበት ላይ እዘረጋለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ያቺን ግንድ አየሃት? ሁሉም እሷ ላይ ነው የሚያርፉት።»

ግንዷን አየኋት። ቀለበቱን አዙሬ የግንዷ ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ እስኪታይ አስተካከልኩና እጄን አነሳሁ። ጠበቅኩ። አንዱ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ መጥቶ ሲያርፍ ተጫንኩ። መላጣ ራሱ ላይ ያሉት ጥቂት ፀጉሮች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ጋሽ ቱፋን ላቅፋቸው ስል መረቡ አደናቀፈኝ። የእጄን መንቀጥቀጥ ደግሞ የተገለበጠ ጀልባ ላይ የቶሎሳን ፎጣ አጥፌ፣ ሌንሱን እዚያ ላይ በማስደገፍ አበረድኩት።

ሰባት ሰዓት ላይ ሲፈን ከምትሠራበት ከአዳሚ ቱሉ መጣች። የግብርና ባለሙያ ናት፤ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ አያጣውም። ለሁለታችን ዓሣ ለብለብ አዘዝኩና ፎቶዎቹን አሳየኋት።

«ለእማዬ ይሄን ውሰድላት» አለች አባ ኮዳውን እያየች። «ካንተ ቆንጆ ነው።»

«ነገ ስንተኛ ነሽ?»

«አሥራ አራተኛ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ናሆም፣ እማዬ ሳትኖር መግባቱ ከብዶኛል። ማታ ደውላ፣ እዚያ ያለሁ ያህል አየዋለሁ አለችኝ። ምን ብለህ ነው ተስፋ የሰጠሃት?»

ስለ ሞተሩ አልነገርኳትም። ዓሣዬን በላሁ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ነጭ ጋዋን የለበሱት ተጠማቂዎች በሰልፍ ቆመው፣ መዘምራኑ እየዘመሩ፣ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ጉማሬ ብቅ እንዳይል በዱላ ደንገሉን እየመታ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲያዩኝ አንደኛው ወደ ደንገሉ ጠቆመኝ። «ከዚያ ወዲህ» አለ። «አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኩና አጠገብ ካገኘሁት የተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ተንበረከኩ።

ፓስተሩ ወገባቸው ድረስ ገብተው ቆሙ። ግንዴ እሳቸው ናቸው። ቀለበቱን አዙሬ የሸሚዛቸው ቁልፍ እስኪጠራ አስተካከልኩ። አንደኛው ተጠማቂ፣ ሁለተኛው፣ አሥረኛው፤ ሁሉንም አነሳሁ፣ ሁሉም ጠርቶ ወጣ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ፓስተሩ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ስለሰጠመ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ። ቁልፉ ደበዘዘ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አዞርኩ፣ አለፈኝ፣ መለስኩ። አሥራ ሦስተኛው ወጣ። ሲፈን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ገባች። ፊቷ የፈራ ልጅ ፊት ነበር።

ፓስተሩ ክንዷን ይዘው ወደ እኔ ዞሩና ድምፅ ማጉያ ሳያስፈልጋቸው ጮኹ፦ «ወንድም ናሆም! ይቺ አትደገምም!»

ዳሩ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ወደ ደንገሉ የጠቆመኝ ሽማግሌ እንኳ ሳቀ። ሲፈንም እየሳቀች ጠለቀች፤ እየሳቀችም ወጣች። እኔም እየሳቅኩ ስለነበር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰባት ጊዜ ተጫንኩ። ስድስቱ ደብዛዛ ናቸው። ሰባተኛው ግን ጠርቷል፤ ውሃው ከቅንድቧ እየወረደ፣ አፏ በሳቅ ተከፍቶ፣ ዓይኖቿ ዳሩን እየፈለጉ ናቸው። ጀልባው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

እሑድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፤ አዳማ

በመንገድ ላይ ስለ ሌንሱ አሰብኩ። በኋላም ሰኞ ዱከም አልሄድኩም፤ አሮጌውን አልቀየርኩትም። ጀማሪ ሆናችሁ በትንሽ ገንዘብ የሩቅ ሌንስ ለምትፈልጉ ግን ምክሬ ሁለት መቶውን ግዙ ነው። ቁጥር አያጓጓችሁ፤ በራሳችሁ ካሜራ ሳትሞክሩ አትክፈሉ፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉ። እኔን ያዳነኝ ሌንሱ ሳይሆን መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ አይገኙም።

እናቴ ሳሎን ውስጥ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ጠበቀችኝ። ካሜራውን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፤ ስክሪኑን አራቀችው፣ አቀረበችው።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለች።

«ሲፈን ናት፣ እማዬ።»

«ሲፈን መሆኗንማ አየሁ። ሳቋን ነው የምልህ። እኔ ስስቅ እንዲህ ነኝ?»

እንዲህ ናት። ግን የእናቴን ሳቅ የያዘ ፎቶ የለንም። ካሜራ ሲቀርባት አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ጥርሴ ሰባራ ነው ትላለች። ካሜራውን ተቀብያት አነጣጠርኩ። ሌንሱ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ጭራሽ አያይም። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። አሁንም አፍንጫዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። በሩን ክፍቱን ትቼ ወጣሁ፤ በረንዳውን አለፍኩ፤ የተሰጣ አንሶላ ገልጬ እስከ ግቢው በር ድረስ ሄድኩ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አለች ከውስጥ።

«ፎቶ ላነሳሽ!»

«ከጎረቤት ቤት ሆነህ?» አለችና ሳቀች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ። ቀለበቱን አዞርኩ።

«ኧረ ቶሎ በል፣ መቼ ነው የምታነሳኝ?» ብላ ጮኸች።

አንስቼአት ነበር።