የልጄ ፎቶ በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ትራንዚተር ነኝ፤ ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ጋላባት የሚሻገር ጭነትን ወረቀት ጉምሩክ ላይ የማስጨርሰው እኔ ነኝ። አዋጅና መመሪያ ማንበብ እንጀራዬ ነውና ሕግ ሲጠቀስብኝ አልደነግጥም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የደወለልኝ ሰው ግን አስደነገጠኝ።

የማላውቀው ወንድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄን በስሟ ጠርቶ፣ «ሦስተኛ ክፍል አንደኛ የወጣችው የአንቺ ልጅ አይደለችም? የጧት ፈረቃ ናት አይደል?» አለኝ። ማን ልበል ስለው ዘጋው።

ሥራዬን ጥዬ በባጃጅ ትምህርት ቤቷ ደረስኩ። ልጄ ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ሰውየው ከየት እንዳወቃት ጠየቅሁ። አስተማሪዋ ስልኳን አሳየችኝ። ትምህርት ቤቱ በቴሌግራም ገጹ ላይ የጎበዝ ተማሪዎችን ፎቶ ለጥፏል፤ ከሥሩ ሙሉ ስም፣ ፈረቃ፣ ቀበሌ፣ የወላጅ ስልክ ሳይቀር ተጽፏል።

ርዕሰ መምህሩ እኔንም ያስተማሩ አዛውንት ናቸው።

«ልጅሽን አመሰገንን እንጂ ምን አጠፋን?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የት እንደምትገኝ ለማናውቀው ሰው ነገሩት። ዛሬ ደውሎልኛል።»

ፊታቸው ተለወጠ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን ከስልኬ ላይ ከፍቼ፣ የልጅ መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንደማይወጣ አሳየኋቸው። «ስልኬን የሰጠኋችሁ ብትታመም እንድትጠሩኝ ነው» አልኩ።

«ለዚህም ሕግ አለው?»

«ለሰሊጥ ጭነት ሕግ አለ፤ ለልጅማ እንዴት አይኖርም ጋሼ?»

መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ጸሐፊዋን ጠርተው እዚያው ፊቴ ሁሉንም አስጠፉ። በሳምንቱ ወላጆች ተሰብስበን የፈቃድ ቅጽ ተዘጋጀ። ከኮኪት ቀበሌ የመጡ አንድ ገበሬ ቅጹን አስነብበውኝ፣ «ፎቶው ይሁን፤ ስልኬ ግን አይውጣ» ብለው ፈረሙ።

የደወለውን ቁጥር ለፖሊስ ሰጠሁ። ማንነቱ እስካሁን አልታወቀም፤ ዳግመኛም አልደወለም።

ልጄ ግን አኮረፈች። «አንደኛ ወጥቼ ፎቶዬን ታስጠፊያለሽ? አንቺስ ራስሽ ገጽሽ ላይ ስትለጥፊኝ መች ጠየቅሽኝ?»

እውነቷን ነው። ገጼን ከፍቼ ስልኩን ሰጠኋት። አንድ በአንድ እያየች ብዙውን አጠፋችው። ጥርሷ ወልቆ የምትስቅበትን ስታገኝ ግን፣ «ይቺ ትቆይ» አለች።