የብረቷ ጭድ

አክስቴ ጭቃ ከጭድ እያቦካች ግድግዳ ስትለስን ስለኖረች ሰፈሩ «ብረቷ» ይላታል። ብረቷ ግን ከበርጩማ ላይ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ፤ ጉድ እኮ ነው! ምርመራው ደግሞ የአጥንቷ መጠን ደህና ነው፣ አልሳሳም አለ።

«ታዲያ ምን ሰበረኝ? ሥራዬን ልተው ነው?» ብላ ሐኪሙን አፋጠጠችው።

«እናቴ፣ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ጥራቱም ነው። አጥንት ውስጥ እንደ ክር ሆኖ የሚያያይዝ ነገር አለ። የቆየው የስኳር በሽታዎ እሱን አድርቆታል።»

አክስቴ ሳቀች። «ጭዱ ነዋ! ጭዱ ከተበላሸማ ወፍራም ግድግዳም ይሰነጠቃል። ይታደሳል?»

«አጥንት ቀስ እያለ ራሱን ያድሳል። ስኳርዎን ከተቆጣጠሩ ሥራዎን አይተዉም።»

ዛሬ ጀሶው ተፈቶላት ጭቃ ስታቦካ አገኘኋት። አጠገቧ ስኳር የሌለው ሻይ አለ።

«የጭድ ውሃ ይመስላል፤» አለችኝ፣ «ለጭዴ ስል ግን እጠጣዋለሁ!» ጭልጥ አደረገችው።