የጋሼ ባርኔጣ

ሰው ሲሞት ደግነቱ ይወራል። የአጎቴን ደግነት ሌሎች ይንገሩ፤ እኔ የምጽፈው ስለ ባርኔጣቸው ነው።

ጋሼ የፒያሳ ሰው ነበሩ፤ ያለ ባርኔጣ ከደጅ አይወጡም። ሰው ፊት የሚያወልቁት ሲጸልዩ ብቻ ነው። "አሜን" ብለው መልሰው ከደፉት ግን በቃ፣ ስለጸለዩበት ጉዳይ መብሰልሰል ክልክል ነው።

እናቴ፣ ማለትም እህታቸው፣ ለልብ ኦፕራሲዮን የገባች ቀን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመው ጸለዩ። ባርኔጣቸውን ደፉና "በይ ነይ፣ ማኪያቶ እንጠጣ" አሉኝ።

"ጋሼ! እናቴ ኦፕራሲዮን ላይ ናት እኮ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"እህቴም ናት። ግን ጉዳዩን ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል። ሰጥቶ መንጠቅ ደግሞ ነውር ነው።"

እየተነጫነጭኩ ተከተልኳቸው። ማኪያቶውን ሲያነሱ አረፋው ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ባርኔጣቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

እናቴ ድና ቤቷ ገባች፤ ዘንድሮ ግን ጋሼ ራሳቸው አልጋ ያዙ። አብረን ጸልየን ስንጨርስ በጣታቸው ከአልጋቸው በላይ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሚስማር ጠቆሙኝ፤ ባርኔጣቸውን አደረግኩላቸው። ሊያያቸው ቤት የመጣው ሐኪም ባርኔጣ ደፍቶ የተኛ በሽተኛ ሲያይ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋሼም ሳቁ። በሳምንቱ አረፉ።

አሁን ባርኔጣው ሚስማሩ ላይ ነው፤ ከሥሩ ግን ሰው የለም። ትናንት ናፍቆታቸው ሲጠናብኝ አወረድኩትና ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጸለይኩ። "አሜን" ብዬ ብደፋው እስከ አፍንጫዬ ወረደ። ምንም ሳይታየኝ የእናቴን ሳቅ ሰማሁ።

"በይ ነይ" አለችኝ እጄን ይዛ፣ "ማኪያቶ እንጠጣ።"