አውቄ የተጫንኩት ቦታ

መቼ እንደሆነ ልቅም አድርጌ አላስታውስም። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ነው፣ እሱን አልስትም። ማስክ ገና ከፊታችን አልወረደም፤ ክትባቱ ለሽማግሌ መሰጠት ጀምሯል፤ ሂልቶፕ ሰፈር ያለው ቤቴ ደጃፍ ላይ በረዶው ግማሹ ቀልጦ ግማሹ ጠቁሮ ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቶ ይሁን ገና ሊገባ ግን ጠፍቶብኛል። ብቻ ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ቀኑ ይጥፋኝ እንጂ የሠራሁት አልጠፋኝም።

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መሻሩን ሁሉ ዘርዝሬ ይህችን እዘላታለሁ። ለልጄም አልነገርኩም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድብህ ታገሠኝ፣ አንተ የምታነበኝ። እንድታዝንልኝ ግን አልፈልግም። ሽማግሌ ሲናዘዝ ሰው ቶሎ ያዝናል፤ እኔ ደግሞ ያንን አውቃለሁ።

ወጌሻ ነኝ። የአባቴ ሙያ ነው። የወለቀ እመልሳለሁ፣ የዞረ አሻለሁ። አባቴ ሰዓት ስላልነበረው የሚያሽበትን ጊዜ የሚለካው በአባታችን ሆይ ነው፤ ለቁርጭምጭሚት ሦስት፣ ለወገብ ሰባት እያለ። እኔም እንደዚያው ለመድኩ። አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከመጣሁ በኋላ ግን እንጀራዬ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ማሸግ ሆነ። እዚያ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያሽግ ሊን የሚባል ቻይናዊ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን አንገቷ የተያዘባትን ልጅ ሳሻት አየኝና በብሬክ ሰዓት መጣ። እጄን ይዞ አውራ ጣቴን ገልብጦ ተመለከተና ሳቀ። የእሱም አያት ወጌሻ ኖሯል።

እነሱ ጋ ግን ነገሩ ለየት ይላል። እኛ ጋ ወጌሻ የሚጠራው ዱላው ካለቀ በኋላ ነው። በሊን አገር ድብድብ የሚያስተምረውና ስብራት የሚጠግነው አንድ ሰው ነው አሉ፤ የሰውን ገላ ለመምታትም ለማዳንም ቦታ በቦታ ያውቀዋል። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም ስብርባሪ ስለሆነ በጣት ነው የተግባባነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችውን የራስ ምታት ቦታ አሳየኝ። ከጉልበት በታች ያለችውን የድካም ቦታ አሳየኝ። ክንድ ላይ ያለችውን አንዲት ቦታ ግን ሲያሳየኝ ፊቱ ተለወጠ። "ዚስ ዋን፣ ኖ ሎንግ" አለኝ። ከዚያ የራሱን እጅ ከአንጓው አንጠልጥሎ እንደታረደ ዶሮ አንገት አወዛወዘው። ገባኝ። ብዙ ከተጫንካት እጅ ይሞታል ማለቱ ነው። ሊን ያስተማረኝ እንዳላደርገው ነበር።

ወደ ሥራ የምንሄደው አምስት ሆነን በአንድ ሰው ቫን ነው። ሾፌሩ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። "ጋሼ ወርቅነህ እያሉ ማን ነው ፊት የሚቀመጠው? ውረድ አንተ!" እያለ ሁልጊዜ የፊቱን ወንበር ያስለቅቅልኛል። በሃያ ሃያ መጨረሻ ላይ ማሳል ጀመረ። ከኋላ የምትቀመጠው ሴትዮ "አንተ፣ ይሄ ነገር ያ ነገር እንዳይሆን" ብትለው፣ "ባክሽ አለርጂ ነው! ኦሃዮ ራሷ እኮ አለርጂ ናት" ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅኩ። በብርዱ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከእሱ አንድ ክንድ ርቄ፣ በክብር ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ።

እኔ ሦስት ቀን ተኝቼ ተነሣሁ። ባለቤቴ፣ ሙሉ የምትባለው፣ ተኛች፣ አልተነሣችም። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ቆየች፤ ማንንም አያስገቡም። የተሰናበትኳት ነርሷ ፊቷ ላይ በያዘችላት ስልክ ነው። "ስቶቩን አጥፍተሃል?" አለችኝ። አጥፍቻለሁ አልኳት።

ከቀብሩ በኋላ ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ሴትዮ እያለቀሰች ደወለችልኝ። የሾፌሩ ሚስት ነግራት ኖሯል። ቴስት አድርጎ ፖዘቲቭ መሆኑ በቴክስት የደረሰው ሰኞ ነው። እስከ ሐሙስ ነድቶናል። አውቆ፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም "ጋሼ፣ ፊት ይግቡ" ብሎኛል።

እሱም ደወለ። "እግዚአብሔር ያጽናዎ ጋሼ" አለኝ። አሜን አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሥራ ተውኩ፤ ተቀምጬ እሱን መጥላት ሆነ ሥራዬ። ፊቴን ስታጠብ እጠላዋለሁ፣ ጋቢዬን ስደርብ እጠላዋለሁ። ለሙሉ ነፍስ ጸልዬ ሳበቃ እሱን እጄ ላይ ጣልልኝ እላለሁ። እንዲህ ተብሎ ይጸለያል? እኔ ጸልያለሁ። አንድም ቀን አላፈርኩም።

መጣ። ያቺ ያልኩህ ቅዳሜ ነበረች፤ ማንም አልጎተተውም፤ ራሱ ደውሎ፣ በሬን አንኳኩቶ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን ቤት ገዝቷል፣ አሁን ትልቅ ትራክ ነው የሚነዳው፤ መሪ ከማዞር ብዛት ቀኝ ትከሻው ተይዟል። "ዶክተሩ አይስ አድርግበት አለኝ" አለ ማስኩን እያስተካከለ፣ "አይስ እንኳ ደጅም ሞልቷል፤ ያጣሁት የእርስዎን እጅ ነው።" ግባ አልኩት። ሶፋው ላይ በጎኑ አስተኛሁት።

መጀመሪያ ትከሻውን በሥርዓቱ አሸሁት። ይህን ልብ በልልኝ፤ ትከሻውን አድኜዋለሁ። ሲለቀው "ኡፍ፣ እጅዎ ይባረክ" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ አውራ ጣቴን ወደ ክንዱ አወረድኩ። ቦታዋን ፈለግኳት፣ አገኘኋት፣ ተጫንኩ። ጣቴ አልተንሸራተተብኝም፣ ጨለማ አልነበረም፣ አልተናደድኩም። ተረጋግቼ ተጫንኩ። ሙሉ ለተኛችበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አባታችን ሆይ ብዬ፣ አሥራ አንድ ጊዜ በልቤ ደገምኩ። ቀስ ብዬ ነው የምጸልየው። "በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የምትለው ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ደረስኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አለፍኳት። አንዱ ላይ እንኳ ጣቴን ባነሣ ምን ነበረበት? አላነሣሁም። መሃል ላይ "ትንሽ ያቃጥላል ጋሼ" አለኝ። "ታገሥ ልጄ፣ ሲድን ነው" አልኩት።

ይህን ቃል እኔ ነኝ ያልኩት።

ሲነሣ ቀኝ መዳፉ ተንጠለጠለ። "ደንዝዞብኝ ነው" ብሎ ስቆ፣ ጃኬቱን በግራ እጁ ለብሶ ሄደ። እኔ እጄን ታጠብኩ፣ ምግብ አሙቄ በላሁ። ሙሉ ከሞተች ወዲህ ጠግቤ የበላሁት ያን ቀን ነው። ጣፈጠኝ። እዚህ ላይ ውሸት ብጨምር ከንቱ ነው፤ ጣፈጠኝ።

እጁ በማግሥቱም በሳምንቱም አልተነሣም። ዶክተሩ ነርቭ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል አለው። ክንድህ ላይ ተኝተህ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ አዎ፣ የጋሼ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ይሆናል ብሎ በራሱ ላይ አላከከ። ትራኩን ተቀማ። ሚስቱ እየነዳች አምጥታ ጣለችልኝ፤ "እርስዎ ያቅኑልኝ ጋሼ" አለ። አየህ? ወደ እኔው መጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት የማሽ መስዬ፣ የተንጠለጠለውን እጁን ለማየት ብቻ ነው የተቀበልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዘይት እየቀባሁት ሳለ ማልቀስ ጀመረ። "ጋሼ፣ ይሄ ቅጣቴ ነው።" ዘይት ጨመርኩበት። "ሰኞ አውቄ ነበር። ቤቱን ክሎዝ ልናደርግ፣ ፈርመን ቁልፍ ልንረከብ፣ ሳምንት ቀርቶን ነበር፤ ከሥራ ከቀረሁ ባንኩ ሎኑን ይከለክለኛል ብዬ ፈራሁ። ማስክ ካደረግኩ ምን ይሆናሉ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እትዬ ሙሉን እኔ ነኝ የገደልኳት።" ከሶፋው ወርዶ ጉልበቴን ሊይዝ ሞከረ፤ ቀኙ አልያዝ አለው፣ ተንሸራተተ።

መናገሪያው ያኔ ነበር። አፌ ውስጥ ነበረ ቃሉ። "አንተም ስማኝ፣ እጅህን የገደልኩት እኔ ነኝ" ማለት ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? እጄን ራሱ ላይ ጭኜ "እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ" አልኩት። እንደ ቄስ! የእሱን ንስሐ ተቀብዬ የእኔን ደበቅኩ። እሱ እግዚአብሔር ቀጣኝ ብሎ ሲያምን፣ እኔ የጣቴን ሥራ በእግዚአብሔር ስም አላክኬ ተቀመጥኩ። በክንዱ ላይ የሠራሁት ክፉ ነው፤ ይህኛው ግን ይከፋል። የመጀመሪያውን ቀን ቢያንስ ጠላቴ ነበር። የዚያን ቀን ምኔ ነበር?

በማግሥቱ ሊንን ፍለጋ ሄድኩ፤ ከሥራ ሲወጣ ፓርኪንግ ላይ ጠብቄ አንድ ሰው እጁ ተንጠልጥሏል፣ አስተምረኝ አልኩት። ክንዴን ያዘና፣ ሳይጫን፣ በጃኬቴ ላይ አውራ ጣቱን ያቺው ቦታ ላይ አሳረፈ። "ሂር?" አለኝ። ዓይኔን ሳይሆን ጣቴን ነው ሲያይ የቆየው። ከዚያ እዚያው በብርዱ ውስጥ ቆሞ የትኛውን ጅማት እንደማነቃ፣ አንጓውን በምን ደግፌ እንደማስር፣ ጣት በጣት አሳየኝ። ጨርሶ መኪናው ውስጥ ገባ። ድሮ ሲለየኝ ትከሻዬን መታ ያደርግ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስደውልለት አንሥቶ አያውቅም።

ሾፌሩን አራት ወር አሸሁት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ። ዝናቡ አለፈ፣ ሣሩ በቀለ። አንድ ቀን የመሃል ጣቱ ብድግ አለች፤ ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጮህን። የእኔ ጩኸት እውነት ነበር፤ ይህንንም እመንልኝ ብዬ አለምንህም። እጁ ሲመለስለት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ "የጋሼ እጅ ተአምር ነው" እያለ አወራ። ሰው እጄን ሊስም መጣ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው።

አሁንም ቢሆን በቀሉ ከውስጤ ተጠርጎ ወጥቷል አልልህም። የሙሉ ካፖርት ከመስቀያው ላይ ሲታየኝ ያ ሳል ይሰማኛል፤ አውራ ጣቴም ይጠነክራል። እሱ አጥፍቷል። ግን እሱ ጥፋቱን ፊቴ ተንበርክኮ ተናግሯል፤ እኔ ደግሞ እያሸሁት ዝም ብያለሁ። ሐዘን ነው ያስደረገኝ ብል ሐዘኔን ማርከስ ነው። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ወረቀት እሰጠዋለሁ፤ በዚያው በቀኝ እጁ ይቀበለኛል። ቢሰድበኝ፣ ቢከሰኝ፣ መልስ የለኝም። ይቅር በለኝም አልለውም፤ እንዲህ ብዬ ብለምነው እምቢ ማለት የሚችል ሰው አይደለም፣ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያን ዓመት ለመሞት ነበር የተቀመጥኩት። ልጄ በስልክ ነው የሚያጽናናኝ፣ ቄሱም በስልክ። በየቀኑ በሬን ያንኳኳ፣ ጢሜን እንድላጭና ሸሚዝ እንድቀይር ያስገደደኝ፣ በአንድ እጁ ሣሬን እያጨደ በአፉ የሚያስቀኝ፣ ምስር ወጥ በፌስታል አንጠልጥሎ "ካልበሉ አልታሽም" የሚለኝ አንድ ሰው ነበር። ከሙሉ በኋላ በሕይወት ያቆየኝ እሱ ነው። ስሙ አስናቀ ነው።